ዲቪዲው ለምን ይቆራረጣል? የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ የጥገና ማስታወሻ

ሐሙስ ማታ

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ተጭኖበታል፤ ፕሮሰሰሩ ባለ አንድ ኮር ነው፤ ራሙ 1 ጊጋባይት። ኢንተርኔት ላይ አይወጣም፣ እንዲወጣም አልፈልግም። የቀረው ሥራ ዲቪዲ ማጫወት ብቻ ነበር። አሁን እሱንም እምቢ ብሏል።

ፊልሙ ሲከፈት ደህና ይመስላል። ወዲያው ግን ምስሉ ስታክ ያደርጋል፣ ድምፁ ይንተባተባል። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ተያይዘው ይሮጡና ደግሞ ይቆማሉ። በአንድ ዲስክ ላይ የአንድ ዘመድ የሰርግ ቪዲዮ አለ፤ በቤት የተቀዳ ዲቪዲ ነው። ላፕቶፑን ከመሳቢያ ያስወጣኝም እሱ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ስለዚህ ነገሩን በጥንቃቄ ልይዘው ነው።

ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ዝም ብዬ አየሁት። መቆራረጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አቆራረጡን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ድምፁ ሳይነካ ምስሉ ብቻ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ ምስሉን ለመፍታት ጊዜ አጥሮታል። ማጫወቻ ሶፍትዌሮች ሲጨናነቁ ፍሬም እየጣሉ ድምፁን ለማዳን ይሞክራሉና። ሰው ሲንቀሳቀስ በጠርዙ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ብቻ የሚታዩ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ብልሽት አይደለም። በብዙ ዲቪዲዎች ላይ እያንዳንዱ ፍሬም በተለያየ ቅጽበት የተቀረጹ ሁለት ግማሾች ተጠላልፈውበት ነው የሚቀመጠው። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ "ዲኢንተርሌስ" የሚለውን ማብራት ይበቃል። ፊልሙ መሃል ላይ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ አንዴ ብቻ ቀጥ ብሎ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ነው። 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ዓይነት ማለት ነው። ሌዘሩ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈጠር ስለሆነ ሊተዉት ይችላሉ።

የኔው ከእነዚህ ውስጥ የለም። ምስልም ድምፅም አብረው ነው የሚቆሙት። በዚያ ላይ አንድ ነገር አየሁ፦ ፊልሙ ሲቆም ማውሱም ይጎተታል። ይህንን ጽፌ ያዝኩ።

አርብ

በቀላሉና በነፃው ጀመርኩ። ዲስኩን ማጽዳት። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ በቀጥታ መስመር። ብዙ ሰው እያዞረ ይጠርጋል፤ እሱ ጥሩ አይደለም። ዳታው የተጻፈው በክብ መስመር ስለሆነ፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ ዳታ ያጠፋል። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ያንን የዲስኩ የስህተት ማረሚያ ይሸፍነዋል።

ጸዳ። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ ሌላ ዲስክ። ይህኛው በፋብሪካ የታተመ ፊልም ነው፣ ጭረት የለውም። እሱም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እኩል ይቆራረጣል። በሰርጉ ዲስክ ላይ ብቻ መፍረድ አይቻልም ማለት ነው።

ባትሪ ላይ ሲሆን ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩን ቀዝቀዝ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ቻርጀሩን ሰካሁና "ፓወር ኦፕሽንስ" ውስጥ "ሆም ኦፊስ ዴስክ" የሚለውን መረጥኩ። ያው ነው። ሙቀትም አሰብኩ። ፋኑ አቧራ ጠጥቶ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ግን የሙቀት ችግር ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። የኔው ገና ቀዝቃዛ እያለ ነው የሚቆራረጠው። ፋኑን በሌላ ጊዜ አጸዳዋለሁ፣ ዛሬ ግን ተጠርጣሪ አይደለም።

ስለዚህ ነገር ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ "ኮዴክ ጫንበት"። ካልሆነ ደግሞ "ፎርማት አድርገው"። ኮዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ መፍቻ ሶፍትዌር፣ የሚያስፈልገው ቪዲዮው ጭራሽ አልከፈት ሲል ነው። ቪኤልሲ ደግሞ ለዲቪዲ የሚያስፈልገው የኤምፔግ 2 መፍቻ አብሮት ነው የሚመጣው። በላዩ ላይ የኮዴክ ጥቅል መከመር አዲስ ጣጣ መጥራት ነው። ፎርማቱን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። ያጋጠመኝ ነገር ግን ገርሞኛል፤ ፎርማት ቢደረግ እውነትም ይስተካከል ነበር፣ ለምን እንደተስተካከለ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት

ዋናው ፈተና ይህ ነው። ፊልሙን ከዲስኩ ሳይሆን ከሀርድ ዲስክ ማጫወት። ከሀርድ ዲስክ ሲጫወትም የሚቆራረጥ ከሆነ ችግሩ ምስሉን በሚፈታው በኩል ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ወይም ሶፍትዌር። ካልተቆራረጠ ግን ጥፋቱ ከዲስኩ እስከ ሚሞሪው ባለው መንገድ ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነፃ ያወጣል።

የሰርጉ ዲስክ በቤት የተቀዳ ስለሆነ የኮፒ መቆለፊያ የለበትም። "ቪዲዮ ቲኤስ" የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ። ፊልሙ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ የቪኦቢ ፋይሎች ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ሁሉንም በአንዴ ከመጎተት አንድ በአንድ ኮፒ ማድረግ ይሻላል፤ ኤክስፒ አንዱ ፋይል ላይ ከተሰናከለ ቀሪውንም ጥሎ ይወጣል።

ኮፒው ይንፏቀቃል። ማውሱ ደግሞ ልክ ፊልሙ ላይ እንደሆነው ይጎተታል። ልብ በሉ፣ አሁን ቪዲዮ የሚያጫውት ምንም ሶፍትዌር የለም። ፋይል ማንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ግን ወገቡ ተቆርጧል።

የመጨረሻው ፋይል ላይ ሲደርስ ድራይቩ ማጉረምረም ጀመረ፤ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ "ዳታ ኤረር፣ ሳይክሊክ ሪደንዳንሲ ቼክ" የሚል መልእክት አውጥቶ አቆመ፤ ዳታው በትክክል አልተነበበም ማለት ነው። እሱን በጎን ያዝኩት።

የተቀዱትን ፋይሎች ከሀርድ ዲስክ አጫወትኳቸው። እንደ ውሃ ይፈስሳሉ። አንድም መቆም የለም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ይችላል፣ ግራፊክሱ ይችላል፣ ቪኤልሲ ደህና ነው። ጥፋቱ መንገዱ ላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ታስክ ማኔጀርን ከፈትኩና "ፐርፎርማንስ" ላይ ሄድኩ። ከላይ "ቪው" የሚለው ውስጥ "ሾው ከርነል ታይምስ" የሚባል ምርጫ አለ። ሲበራ በአረንጓዴው ግራፍ ላይ አንድ ቀይ መስመር ይጨመራል። አረንጓዴው ፕሮሰሰሩ በጠቅላላው ምን ያህል እንደተያዘ ያሳያል። ቀዩ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ራሱ ሲስተሙና ድራይቨሮቹ እንደወሰዱት ያሳያል።

ዲቪዲው ከዲስክ ሲጫወት አረንጓዴው ጣራ ነክቷል። ቀዩም ብዙ ሳይርቅ ከሥሩ ይከተለዋል። ከሀርድ ዲስክ ሲጫወት ቀዩ መሬት ነው፣ አረንጓዴውም ግማሽ አይሞላም። ፊልሙ ያው ፊልም ነው። ፕሮሰሰሩን እየበላ ያለው ምስል መፍታቱ ሳይሆን ዳታውን ከድራይቩ መቀበሉ ነው።

ዲቫይስ ማኔጀር። "አይዲኢ ኤቲኤ ኤታፒ ኮንትሮለርስ" የሚለው ሥር "ፕራይመሪ" እና "ሰከንደሪ" የሚባሉ ሁለት ቻናሎች አሉ። በዚህ ላፕቶፕ ሀርድ ዲስኩ ፕራይመሪ ላይ፣ የዲቪዲ ድራይቩ ሰከንደሪ ላይ ነው። ሰከንደሪውን ከፍቼ "አድቫንስድ ሴቲንግስ" ውስጥ ገባሁ። የተመረጠው "ዲኤምኤ ኢፍ አቬይለብል" ነው፣ ትክክል፤ ዲኤምኤ ዳታው ፕሮሰሰሩን ሳያደክም ሚሞሪ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ነው። ከሥሩ ግን አሁን የሚሠራበት መንገድ "ፒአይኦ ሞድ" ይላል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ዳታውን የሚሸከምበት ማለት ነው።

ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። የዲቪዲ ቪዲዮ ምስል፣ ድምፅና ጽሑፍ ተደምሮ ከ10.08 ሜጋቢት በሰከንድ አይበልጥም። 1ኤክስ የሚባለው የዲቪዲ ፍጥነት በሰከንድ 1.385 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ለማንኛውም ፊልም ይበቃል። ፒአይኦ ሞድ 4 ደግሞ በወረቀት ላይ በሰከንድ 16.7 ሜጋባይት ያሳልፋል። ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?

መንገዱ ስላልጠበበ ነው ሰው የሚሳሳተው። ችግሩ ተሸካሚው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በፒአይኦ ጊዜ እያንዳንዷን 2 ባይት ከድራይቩ አንስቶ ሚሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጣት ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ግንበኛው ግንቡን ትቶ ድንጋይ ሲያመላልስ እንደሚውል ነው። በዲኤምኤ ጊዜ ግን ኮንትሮለሩ ዳታውን በቀጥታ ሚሞሪ ውስጥ ያስገባና "ጨርሻለሁ" ብሎ ብቻ ያሳውቃል። ፕሮሰሰሩ በዚያ ጊዜ ምስሉን ይፈታል። ባለ ብዙ ኮር ማሽን ቢሆን ምናልባት አንዱ ኮር ሸክሙን ይዞ ሌላው ይሠራ ነበር። የኔው አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ማውሱ የሚጎተተውም ለዚህ ነው።

እሑድ

ዲኤምኤ ተመርጦ ሳለ ለምን ፒአይኦ ላይ ወደቀ? ኤክስፒ ራሱ ነው የጣለው። ድራይቩ ዳታ ሲያመጣ የሚፈጠሩ ስህተቶችንና መዘግየቶችን ይቆጥራል። ድምሩ 6 ሲደርስ "ይህ መንገድ አስተማማኝ አይደለም" ብሎ ወደ ቀስተኛው ይወርዳል። ስህተቱ ከቀጠለ ደረጃ በደረጃ እየወረደ መጨረሻው ፒአይኦ ነው። የሚያናድደው ቆጠራው የሚጠራቀም መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ፣ ከርሞ ሁለት፣ ሁሉም ይደመራል። ከወረደ በኋላ በራሱ አይመለስም። ሪስታርት ቢደረግም፣ ሴቲንጉ ውስጥ ዲኤምኤ እንደገና ቢመረጥም ያው ነው። ፎርማት ያስተካክለው ነበር ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቆጠራው አብሮ ይጠፋል። ለአንድ ቆጠራ ሲባል ሙሉ ሲስተም ማጥፋት ግን አያስፈልግም።

መፍትሔው አጭር ነው። ሰከንደሪ ቻናሉ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ "አንኢንስቶል"፣ ከዚያ ሪስታርት። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ኤክስፒ ሲነሳ ቻናሉን እንደ አዲስ ያገኘዋል፣ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። አንዴ ተጨማሪ ሪስታርት ሊጠይቅ ይችላል፤ እሺ ማለት ነው። ፕራይመሪውን ያለ ምክንያት መንካት አያስፈልግም።

ተነሳ። ያንኑ ገጽ ከፈትኩ፦ "አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 2"። በሰከንድ 33 ሜጋባይት የሚያሳልፈው ነው፤ ለዚህ ዓይነት የዲቪዲ ድራይቭ የሚጠበቀውም እሱ ነው።

የታተመውን ፊልም አስገባሁ። ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀዩ መስመር ወረደ፣ ማውሱ ነፃ ሆነ። ደስ ይላል።

አንድ ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ መግዛት ይቀላል ብሎኝ ነበር። ይሠራል፣ ግን ዩኤስቢው 2.0 መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የጥንቱ 1.1 በወረቀት ላይ 12 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ግንኙነቱ ለራሱ የሚወስደው ሲቀነስ ለዲቪዲ አይደርስም፤ ያኔ ሌላ ዓይነት መቆራረጥ ይጀምራል። ኃይሉም ቁም ነገር ነው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። አንዳንድ ድራይቮች ሞተራቸው ሲነሳ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው።

ሰኞ ማታ

አሁን የሰርጉ ዲስክ። መጀመሪያው፣ መሃሉ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ድራይቩ እንደ ቅዳሜው ማጉረምረም ጀመረ፣ ምስሉ ቆመ። ቦታው ኮፒው የተሰናከለበት ነው።

ዲቪዲ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነበበው። ስለዚህ የፊልሙ መጨረሻ ማለት የዲስኩ ጠርዝ ማለት ነው፤ ዲስኩ እስከ አፉ ከተሞላ ማለቴ ነው፣ ይህኛውም ተሞልቷል። ጠርዝ ደግሞ በቤት በተቀዱ ዲስኮች ላይ ደካማው ቦታ ነው። ጣት የሚነካው እዚያ ነው፣ ዲስኩ ትንሽ ከተጣመመም ልዩነቱ የሚጎላው እዚያ ነው። በዚያ ላይ ይህ ዲስክ የወረቀት ስቲከር ተለጥፎበታል። ስቲከሩ ሚዛኑን ያዛባል፤ ወረቀቱ ሲኮማተር ዲስኩንም ይዞት ይጣመማል። ልልጠው አልሞከርኩም። የቀለሙ ንብርብር በሁለት ፕላስቲክ መሃል ቢሆንም መላጡ ዲስኩን ሊያጎብጠው ይችላል። ባለበት ይቆይ።

"ኢቨንት ቪወር" ውስጥ "ሲስተም" የሚለውን አየሁ። "ሲዲሮም" በሚል ስም፣ ቁጥር 7፣ "ባድ ብሎክ" የሚል መልእክት ተደርድሯል። ሰዓቱ ይህ ዲስክ ከነበረበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ነገሩ አሁን ተያያዘ። ቅዳሜም ሆነ ከዚያ በፊት፣ ድራይቩ ይህን ጠርዝ ለማንበብ እየደጋገመ ሲታገል ሲስተሙ መጠበቅ ይሰለቻል፣ መዘግየት ብሎ ይቆጥራል። ዲኤምኤውን የጣለው ይኸው ዲስክ ሳይሆን አይቀርም። አንድ የታመመ ዲስክ ነው ጤነኞቹን ሁሉ ያስቆራረጠው።

እንግዲህ ይህን ዲስክ ከዚህ በኋላ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ማጫወት የለብኝም። ካጫወትኩት ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ቪኤልሲ ላይ የዲስክ ካሺንጉን፣ ማለትም አስቀድሞ አንብቦ የሚይዘውን መጠን፣ ከ300 ሚሊሰከንድ ወደ 2000 ከፍ ማድረግ አጫጭር መሰናክሎችን ይደብቃል። ንባቡ ከዚያ በላይ ለሚቆምበት ቦታ ግን አይረዳም፣ ቆጠራውንም አያስቆምም።

ረቡዕ

ሌላ ላፕቶፕ ላይ፣ ሊኑክስ ባለበት፣ ዲዲሬስኪው የሚባለውን መሣሪያ ጫንኩ። ከተራ ኮፒ የሚለየው አስተዋይነቱ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የሚያስቸግረውን እየዘለለ በአንድ የማስታወሻ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ከዚያ ተመልሶ ወደተዘለሉት ብቻ ይሄዳል። ለዲቪዲ የሴክተሩ (በአንዴ የሚነበበው የዳታ ቁራጭ) መጠን 2048 ባይት መሆኑን መንገር ያስፈልጋል።

የሚወጣው ፋይል ሙሉ ዲስኩ ነው፤ አንድ አይኤስኦ። እዚህ ጋ አንድ ማሳሰቢያ፦ ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፣ ዊንዶውስ 4.38 ብሎ ያሳየዋል። ፎርማቱ ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ላይ ደግሞ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊሞላ አይችልም። ፍላሹ ባዶ ሆኖ "ቦታ የለም" ቢል ግራ አትጋቡ፤ ፎርማቱን ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት።

የመጀመሪያው ዙር ከሞላ ጎደል ሁሉንም አመጣ፤ ጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች ቀሩ። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም የሚታየው አሁን ነው። ዲስኩን አውጥቼ በውሰት ያገኘሁት የዩኤስቢ ድራይቭ ውስጥ አስገባሁና በዚያው የማስታወሻ ፋይል አስቀጠልኩት። ድራይቮች ሌንሳቸውም አስተካከላቸውም ይለያያል፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነባል። ከቀሩት ቀዳዳዎች አብዛኞቹ ተደፈኑ። ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ ማዘዝም ይቻላል፤ እሱም ጥቂት ጨመረ።

የቀሩት ጥቂት ብሎኮች አልተነበቡም። አንድ የማረሚያ ብሎክ 16 ሴክተር ነው፣ 32 ኪሎባይት። በዲቪዲ ፍጥነት ይህ የሰከንድ ቁራጭ ነው። በስክሪን ላይ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ኤምፔግ 2 ብዙዎቹን ፍሬሞች የሚሠራው ከጎረቤቶቻቸው ባለው ልዩነት ነው። አንዱ ሲጎድል እስከሚቀጥለው ሙሉ ፍሬም ድረስ ያሉት አብረው ይበላሻሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም በሆነ ዲቪዲ ላይ ሙሉ ፍሬም ቢበዛ በ15 ፍሬም አንዴ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ቀዳዳ እስከ 0.6 ሰከንድ የሚደርስ የተበጣጠሰ ምስል ይሆናል። መጨረሻው አካባቢ ምስሉ ለቅጽበት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆንና ይስተካከላል። ይህን እቀበላለሁ።

ሐሙስ

አይኤስኦውን ወደ አሮጌው ላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ አስገባሁ። ቪኤልሲ በቀጥታ ይከፍተዋል፣ ሜኑውም ይሠራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተ፤ የተባሉት ቦታዎች ላይ ብልጭ ብሎ አለፈ። ሁለተኛ ቅጂ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ዲስኩ ወደ ሽፋኑ ተመለሰ።

የተቀሩትን ፊልሞች ከዲስክ እያጫወትኩ ሰከንደሪ ቻናሉን አየሁት፤ አሁንም "አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 2" ላይ ነው። አጠራጣሪ ዲስክ በገባ ቁጥር ያንን ገጽ አያለሁ። ፋኑ ገና አልጸዳም፤ ቀጣዩ እሱ ነው።